ለሁለት የተቆረጠ ሐዲድ

ስለ አንድ ነገር ከማንም የበለጠ አውቃለሁ፤ ችግሩ ስለዚያ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

ባደግኩባት የቆላ ከተማ ዳር፣ ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ኖራ እስከሚቃጠልበት ኮረብታ የሚሄድ ጠባብ ሐዲድ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በዚህ ሐዲድ ላይ ነው። ጓደኞቼ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ገበሬ አመፅ፣ ስለ ወዛደሩ ትግል ሲጽፉ፣ እኔ ከአህያ እምብዛም ስለማይፈጥን ባቡር ጻፍኩ። አማካሪዬ ርእሱን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው ሲያደርጉት ርእሱ ያው ነበር።

የትንሿ ባቡር ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ኖራውን በአህያ ወደ ጣቢያ ሲያስጭን ግማሹ መንገድ ላይ እየፈሰሰ አስቸገረው። ከሌላ አገር ከተዘጋ ማዕድን ማውጫ ያረጀ ሐዲድ ገዝቶ አስመጣና ዘረጋው። ሐዲዱ ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ አንድ ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ አንዱን በግራው፣ ሌላውን በቀኙ ሊረግጥ ይችል ነበር። መጀመሪያ የሚጫነው ኖራ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሠራተኞቹ በኖራው ላይ ተቀምጠው መሄድ ጀመሩ፤ ማታ ሲመለሱ ከፀጉራቸው እስከ ጥፍራቸው ነጭ ሆነው ስለሚወርዱ ልጆች ይሸሿቸው ነበር። ከዚያ ወንዝ ወርደው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች መጡ። ከዚያ አትክልት ሻጮች። በመጨረሻ ነጋዴው ተሸነፈና አግዳሚ ወንበርና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ፉርጎ ቀጠለበት፤ የኖራው ባቡር የሰፈር ባቡር ሆነ።

ጣቢያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሰው ሲጮህ ይቆማል። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ተሳፋሪው ወርዶ በጎን በኩል በእግሩ ይሄዳል፤ ጨዋ የሆኑት ደግሞ ይገፋሉ። እናቴ እስከ ዛሬ፣ «እሱ እኔን ከጫነኝ እኔ እሱን የገፋሁት ይበልጣል» ትላለች። ይህን አባባል በጽሑፌ ውስጥ ከምንጭ ጋር አስገብቼው ነበር። ምንጩ «ቃለ መጠይቅ፣ እናቴ» ይላል።

አስፋልት ተሠርቶ አውቶቡስ ሲመጣ ባቡሩ ቆመ። ወራሾቹ ሐዲዱን ነቅለው ለቁራሌው ሸጡት። አንዳንዱ የቤት ማገር፣ አንዳንዱ የፍየል በረት ምሰሶ፣ አንዳንዱ በቦይ ላይ የተጋደመ ድልድይ ሆነ። ከፊሉን የሩቅ አገር ነጋዴዎች ለቤተ ክርስቲያን ደወል ይሆናል ብለው በጭነት መኪና ወሰዱት ይባላል። የጽሑፌ የመጨረሻ ምዕራፍ ስለዚህ ነበር፤ ሐዲዱ የት የት እንደ ደረሰ። አማካሪዬ ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሰርዘው «ይህ ወሬ እንጂ ታሪክ አይደለም» ብለው ጻፉበት። እኔ ዓይን አፋር ስለሆንኩ አልተከራከርኩም። ጥንቁቅ ስለሆንኩ ደግሞ ገጾቹን አልጣልኳቸውም።

ምደባ ሲወጣ ላሊበላ ደረሰኝ። ጋሸና ላይ የጭነት መኪናው ለምሳ ሲቆም፣ ምግብ ያቀረበችልኝ ሴት ምን ልታስተምሪ ነው አለችኝ። ታሪክ አልኳት። እንጀራውን አስቀመጠችና አየችኝ። «ላሊበላ ሄደሽ ታሪክ? ለቀባሪው ልታረጂ ነዋ።» መልስ የሚሆን ነገር ያገኘሁት መኪናው ጋሸናን ለቆ ከወጣ በኋላ ነው። የእኔ መልሶች ሁልጊዜ መኪና ከሄደ በኋላ ይመጣሉ።

በመጀመሪያው ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲመታ ድምፁ ሆዴ ውስጥ ገባ። ቀና ብዬ ሳይ ከአንድ ያረጀ ወይራ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው። በአገራችን የሐዲድ ቁራጭ ደወል ያደረገ ትምህርት ቤት ብርቅ አይደለም። ይህኛው ግን ቀጭን ነበር። የጎኑ ስፋት ከስንዝሬ ያንሳል፤ መንኮራኩር የሚረግጠው ጭንቅላቱ በአንድ ጎን ብቻ ተበልቷል። የእኛ ሐዲድ ወንዙ ዳር በኃይል ስለሚታጠፍ የሚበላው በአንድ ጎኑ ብቻ ነበር። ስለዚህ መበላት ሙሉ ገጽ ጽፌያለሁ። ተማሪዎቹ ሰልፍ ላይ ቆመው እያዩኝ ብረቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ርእሰ መምህሩ መጡ። «ጓድ መምህርት፣ ችግር አለ?»

ሐዲዱን እንደማውቀው፣ ከአገሬ እንደመጣ፣ ኖራና ልብስ አጣቢዎች ይጭን እንደነበር ነገርኳቸው፤ እንዳሰብኩት ሳይሆን እየተንተባተብኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ብረት ነው» አሉ። ከዚያ መዝሙር ተዘመረ።

የተከራየሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ ሸለቆ በሚለየው ሰፈር ውስጥ ነበር። ቤቱ እንደ አገሩ ደንብ ክብ፣ የድንጋይ፣ ባለ ፎቅ ነው። አከራዬ ከታች፣ እኔ ከላይ። ባላቸው የሞቱባቸው አንድ ልጅ ያላቸው እናት ናቸው፤ ልጁም ከሚሊሺያው ጦር ጋር ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ነበር። ከመንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ወሬ ልኳል፤ ከአዲስ አበባ በባቡር ሊሳፈሩ ነው ብሎ። ከዚያ ወዲህ ዝም። ጦርነቱ በድል አለቀ ተብሎ ሰልፍ ወጥተን ዘምረናል፤ ከሰፈሩ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ የእሳቸው ልጅ ግን አልተመለሰም፣ መርዶም አልመጣም።

ስለዚህ በዚያ አገር ስለ ባቡር ሊሰሙ የሚፈልጉ ብቸኛዋ ሰው አከራዬ ነበሩ። የማውቀው ባቡር የተሳሳተው ባቡር መሆኑ እንጂ ዕድለኛ ነበርኩ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ባቡር ምን እንደሚመስል ሲጠይቁኝ፣ በደስታ ተሞልቼ ዳገት ላይ ሰው ወርዶ እንደሚገፋው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ እንደሆነ፣ አንዳንዴም ከሐዲዱ ወርዶ እንደሚተኛ ነገርኳቸው። እጃቸው ሥራው ላይ ቆመ። «ልጄን በእንዲህ ያለው ነው የጫኑት?» አሉኝ። ያ ሌላ ባቡር መሆኑን፣ ትልቁ እንደማይገፋ፣ እንደማይተኛ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። አላመኑኝም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሲጸልዩ ዳገት የሚባል ነገር እንዳይገጥመው ሲለምኑ እሰማ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ተሳሉ። ስለቱን ለሰፈሩ ደብር ነው የተሳሉት፤ የንስሐ አባታቸው ባሉበት እኔም ሰምቻለሁ። ጾሙን በሙሉ፣ አንድም ቀን ሳያጎድሉ፣ ከደወሉ በፊት እህልም ውሃም በአፋቸው ላያዞሩ፤ ልጃቸውን በዓይናቸው ካዩ ደግሞ ጃንጥላ ሊያስገቡ። ደወሉ ማለት በጾሙ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ሲወጣ የሚመታው ነው። ቅዳሴ ሲገባ የሚመታው የድንጋዩ ደወል ነው፤ እሱ ድምፁ ከአጥሩ አያልፍም። ሲወጣ ግን ከደጃፉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ብረት ይመታል፤ ሸለቆ ተሻግሮ እያንዳንዱ ቤት ይገባል፤ ሰውም እጁን ይታጠባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የትምህርት ቤቱ ደወል ድምፃቸው አንድ ነበር። ለሰፈሩ ሰው ደግሞ ሁለቱም ከአንድ አቅጣጫ፣ ከሸለቆው ማዶ ነው የሚመጡት። በሌላ ጊዜ ይህ ማንንም አያስቸግርም። በዐቢይ ጾም ግን ያስቸግራል። ስለዚህ በደብሩና በትምህርት ቤቱ መካከል ስምምነት ነበር፤ ጾሙ ከገባ ከቀትር በኋላ ትምህርት ቤቱ ብረቱን አይመታም፣ ፊሽካ ይነፋል። ስምምነቱ አልተጻፈም፤ እንዲጻፍም ዘመኑ አይፈቅድም። ርእሰ መምህሩ ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው ይሉ ነበር፤ በግላቸውም ይጾሙ ነበር። የፊሽካው ምክንያት ሲጠየቁ «ለስፖርት መንፈስ» ይላሉ። ስምምነቱን ገና ያልሰማሁት እኔም አመንኳቸው። በአዳራሽ ንግግር የተባለ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኛል።

ተረኛ መምህርት በሆንኩበት ረቡዕ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደፍኖ ዋለ፤ የበልግ ደመና ሸለቆውን ሞልቶት የፀሐይን ቦታ ማወቅ አይቻልም። የከሰዓቱ ተማሪዎች መግቢያ ሲደርስ ፊሽካውን ከኪሴ አወጣሁ። ከበሩ ፊት ከእኔ የሚረዝሙ ጎረምሶች ቆመው ያዩኛል። በእናቴ ቤት ሴት ልጅ አታፏጭም፤ ፊሽካ ማፏጨት ይሁን አይሁን ከማንም ጋር ተወያይቼ አላውቅም። ወደ አፌ አስጠጋሁት። አንዱ ጎረምሳ ሌላውን በክርኑ ነካው። ፊሽካውን ወደ ኪሴ መለስኩት፤ መዶሻውን አነሳሁ።

አንድ ጊዜ መታሁ ብል ውሸት ነው። አመታቱ አምሮኝ ነበር። ያ ድምፅ በኖራ ነጥተው የሚመለሱትን ሠራተኞችና የልብስ አጣቢዎቹን ጫጫታ ነው ያመጣብኝ። ተማሪው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላም እየመታሁ ነበር።

ከሥራ ወጥቼ ሸለቆውን ስሻገር የሰፈሩ መንገድ እንግዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ሰው በየደጃፉ ቆሞ ያወራል። ጎረቤታችን ያየኝ መጀመሪያ ነው። ይህ ሰው ድሮ ቱሪስት በሚጎርፍበት ጊዜ አስጎብኚ ነበር፤ አሁን ቱሪስቱም ስለቀነሰ አንደበቱን በእኛ ላይ ነው የሚያውለው። መንገዱን ለቆልኝ በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«እመቤቴ፣ ላሊበላ ዐሥራ አንድ ቤተ መቅደስ ነበራት» አለ፤ «ዛሬ በእርስዎ ብርታት ዐሥራ ሁለተኛው ተቀድሶበታል። የባቡር ቅዳሴ።»

አልገባኝም። ሚስቱ ከውስጥ ሆና እየሳቀች አብራራችልኝ። ደወል ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ቅዳሴ ወጣ ብሎ በልቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ በልቶ ካበቃ በኋላ እውነተኛው ደወል መታ። ጎረቤታችን እሱ በግሉ ቅሬታ እንደሌለው ነገረኝ። ለመጀመሪያው ደወል ምሳ፣ ለሁለተኛው ራት በልቷል፤ ከዚህ በፊት አንዲት መምህርት ይህን ያህል ጠቅማው አታውቅም። ሌሎቹም ሳቁ። በደመና ቀን በስሕተት የተበላ እንደማይቆጠር፣ ቄሱም እንዲያ እንዳሉ ነገሩኝ። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር፤ የአከራዬ ደጃፍ ላይ ሰው አለመኖሩን እስካይ።

እሳቸው ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። በፊታቸው ግማሹ የተበላ የተልባ ፍትፍት በሳህን አለ። ዘግይተው ማዕድ ስለ ቀረቡ ሁለተኛው ደወል ሲመታ ጎርሰው ነበር፤ ጉርሻውን መዋጥም መትፋትም አቅቷቸው ብዙ ቆይተዋል። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ፣ እንደ ወትሮው በአገራቸው የፍቅር መጥሪያ ጠርተው፣ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስለቴ ተበላ፣ አካሌ።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። «ምን አደረግሽ አንቺ» አሉኝ፤ ክፋት በሌለበት ድምፅ። ያ ነው የከፋው። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር፤ ቁጣ የሚያልቅ ነገር ነው።

ከማግስቱ ጀምረው ደወሉን ተዉት። ደወል ሲመታ ጎረቤት እጁን ሲታጠብ እሳቸው እንዝርታቸውን አይለቁም። ፀሐይ ጠልቃ ከመሸ በኋላ አንድ እፍኝ ቆሎ በውሃ ያወርዳሉ፤ በቃ። የጎደለውን በላይ በላዩ ልሙላው ነው ነገሩ። ሰውነታቸው ቀድሞም የሚሞላ ዓይነት አልነበረም። ከምንጭ ሲመለሱ እንስራውን አስቀምጠው የሚያርፉበት ድንጋይ በየቀኑ እየበዛ መጣ። አንድ ቀን ከነእንስራው ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ መነሳት አቅቷቸው። እንስራውን እኔ አዘልኩ። ከዚያ በፊት እንስራ አዝዬ ስለማላውቅ ግማሹ በጀርባዬ ፈሰሰ፤ እሳቸውም ለመሳቅ አፋቸውን ከፍተው ኃይል አጡ። ፋሲካ ደግሞ ገና ሩቅ ነበር።

የንስሐ አባታቸውን ፍለጋ ደብሩ ድረስ ሄድኩ። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከማላውቀው ሰው ስኳር ለመግዛት እንኳ የምለውን አስቀድሜ በልቤ እለማመዳለሁ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያወሩት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ነገሩን ሁሉ ያውቁት ነበር። እህል ብዪ ብለው በግዝት አዝዘዋታል፣ እሺ አላለችም። «ስሕተት ነው፣ አይቆጠርም ብላት፣ ‹ለሌላው ነው እንጂ እኔ ተስዬ ነበር› ትለኛለች» አሉ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ስለ ብረቱ የምታውቂው አንቺ ነሽ ይባላል። ጎረቤታችሁ አውርቶታል።»

ተመርቄ ከወጣሁ ጀምሮ ስለ ሐዲዱ የጠየቀኝ ሁለተኛው ሰው ነበሩ።

ቄሱ የሚያውቁት ይህን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ስለቱ ደርሶለት ለደብሩ አንድ ረጅም ሐዲድ አመጣ። ዛፉ ላይ ሲሰቅሉት መሬት ነካ። ብረት ቀጥቃጩ በመጋዝ ቢጀምረው መጋዙ መሀል ላይ ተሰበረበት፤ የቀረውን ድንጋይ ላይ አጋድመው በመዶሻ ሰበሩት። ግማሹ ለደብሩ ሆነ። ሌላው ግማሽ አጥሩ ሥር ሲንከባለል ቆይቶ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ተሰጠ።

«እንግዲህ ስለቷ ‹ከደወሉ በፊት አልቀምስም› ነው» አሉ፤ «አንቺ የመታሽው የደወሉን ግማሽ ከሆነ ከደወሉ በፊት አልቀመሰችም። ይህንንም ነግሬያታለሁ። ‹ማን አየ? ወሬ ነው› አለችኝ።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ከአማካሪዬ በኋላ ያን ቃል ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማስረጃ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። የሁለቱም ብረቶች የጎን ስፋትና መበላት አንድ ቢሆንም ይህ ከአንድ መስመር መምጣታቸውን እንጂ ከአንድ ሐዲድ መቆረጣቸውን አያሳይም፤ ይህን ራሴው ለራሴ ተከራከርኩ። የሚያሳየው ስብራቱ ነው። በመጋዝ የተቆረጠው ጎን ልሙጥ ነው፤ በመዶሻ የተሰበረው ጎን ግን ከአንድ ሐዲድ ከሆነ አንዱ ጥርስ ሲኖረው ሌላው ጎድጓዳ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱን ብረቶች አውርዶ ማጋጠም ለአሥር ጎበዝ የሚሆን ሥራ ነው። ቄሱ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ አሰቡና ከቀሚሳቸው ኪስ ሁለት ጧፍ አወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ከደብሩ ደጃፍ ዛፍ ሥር ድንጋይ ደርድሬ ቆምኩ። ብረቱ በነካሁት ቁጥር ሊጮህ ይፈልጋል። ሌላ ቅዳሴ ማስወጣት ስላልፈለግኩ ነጠላዬን አውልቄ እንደ ሕፃን ጠቀለልኩትና ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። አንዱን ጧፍ በእጄና በትንፋሼ አሙቄ፣ ከስብራቱ ላይ ጫን አድርጌ ቅርጹን ወሰድኩ። እሱ ሲጠነክር በውሃ አርሼ ሁለተኛውን ጧፍ ተጫንኩበትና ራሱን የደብሩን ስብራት የሚመስል ሰም አወጣሁ። ለሳምንት ገበያ የሚያልፉ የብልባላ ሰዎች አህዮቻቸውን አቁመው አዩኝ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ ምን እንደምሠራ ባታውቅም የተሳልኩት ስለት ከባድ መሆን እንዳለበት ነገረቻት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አከራዬን ወደ ትምህርት ቤቱ ይዘናቸው ወጣን። ቄሱ በመቋሚያቸው፣ እሳቸው በእኔ ትከሻ ተደግፈው። ጎረቤታችን ሳይጠራ ተከተለን፤ ጉብኝት ያለ እሱ እንደማያምር ተናግሮ። ሰሙ በነጠላዬ ጫፍ ታስሯል። ከወይራው ሥር ስንደርስ ለቄሱ ልሰጣቸው ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእሷ፣ በእጇ፣ አሉ።

አከራዬ ሰሙን ከብረቱ ስብራት ጋር አገጣጠሙ። አልገጠመም። አዞሩትና እንደገና ሞከሩ። በጎኑ በኩል ብረቱ ለዓመታት በመዶሻ ስለተመታ ተጨፍልቋል፤ እዚያ ሰሙ ክፍተት አሳየ። ከመሀል ግን ቄሱ ቀጥቃጩ ሰበረው ባሉበት ቦታ፣ የሰሙ ጎድጓዳ የብረቱን ጥርስ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። እጃቸውን ሲለቁ ሰሙ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጎረቤታችን እንኳ ቀልዱን ትቶ ሰሙን ለማየት ጎንበስ አለ።

አከራዬ በአመልካች ጣታቸው የመጋጠሚያውን ዙሪያ ቀስ ብለው ዳሰሱ። ከዚያ ተማሪ የሚቀጣበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ ይኼን ብረት ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስለ ኖራው፣ ስለ አህዮቹ፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ልብስ አጣቢዎቹ፣ ስለ ቆርቆሮው ጣሪያ። ለርእሰ መምህሩ ስናገር የነበረው መንተባተብ አልመጣም፤ የተሰረዘውን ምዕራፍም ሳይቀር፣ ማገሩንና የፍየል በረቱን ጨምሬ ተረኩ። ዳገቱ ላይ ስደርስ ፈራሁ፤ ያንንም አልዘለልኩትም። ቄሱ ሰው የሚገፋው ባቡር መልካም ባቡር እንደሆነ ተናገሩ። አከራዬ ግን ሌላ ነገር ነው የሚፈልጉት።

«ጠዋት የወሰደውን ሰው ምን ያደርገዋል?»

«ማታ ይመልሰዋል፣ እትዬ።»

«ሁሉንም?»

ማሰብ ነበረብኝ። ስለ ጠቅላላ ነገር አዎ ብዬ መልሼ አላውቅም፤ ጽሑፌም በ«ምናልባት» የተሞላ ነው። ትንሿ ባቡር ግን ከኮረብታው ወዲያ መሄጃ አልነበራትም። ሐዲዱ እዚያ ያልቃል። ጠዋት ያወጣችውን ማታ ከመመለስ ሌላ ሥራ ኖሯት አያውቅም። ከመመረቂያ ጽሑፌ ገጾች መካከል ይህን ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩትም፤ ለካ ታሪኩ እሱ ኖሯል።

«ሁሉንም» አልኳቸው። «ሌላ መንገድ አልነበራትም። ልጅዎ የሄደው ግን በሷ አይደለም እትዬ፤ በትልቁ ነው። ስለ ትልቁ አላውቅም።»

«አውቃለሁ፤ ነግረሽኛል» አሉ። ወደ ብረቱ በአገጫቸው ጠቆሙ። «እኔ የተሳልኩት በዚህኛው ነው።»

ሰሙን ከብረቱ አላቅቀው በመቀነታቸው ቋጠሩት። ጎረቤታችን ቁልቁለቱን ስንወርድ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለፈረንጅ ሲያስጎበኝ ከተናገረው ሁሉ አንዱን እንኳ እንዲህ አስይዞ አሳይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የማክበር ይሁን የማሾፍ አልለየሁም። ከእሱ ዘንድ ሁለቱም ከአንድ ሐዲድ የተቆረጡ ናቸው።

ሰኞ ከሰዓት ተረኛ ስላልነበርኩ ቤት ነበርኩ። ደመናው ተመልሶ ሸለቆውን ሞልቶታል። አከራዬ እንዝርታቸውን ይዘው መደቡ ላይ፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ፤ ማለት ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ። ቄሱ ነፃ ነሽ ብለዋቸዋል፣ ሰሙም መቀነታቸው ውስጥ አለ። ቢሆንም ሌሊቱን ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም። ተልባው ተፈትፍቶ ተከድኗል። ከፈተፈቱት ይበሉታል ማለት አይደለም፤ ለእኔ ሊሆን ይችላል።

ደወሉ መታ።

በጎረቤት ቤት ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። አከራዬ አልተንቀሳቀሱም። እንዝርቱ ብቻ ቆመ። ድምፁ ሸለቆውን ሞልቶ እስኪያልቅ ጠበቁና ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኼ የትኛው ግማሽ ነው?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

በሕይወቴ ስለ ምንም ነገር ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

«እርግጠኛ ነኝ እትዬ» አልኳቸው። «እኔ እዚህ ነኝ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀሳቀሰው። ከዚያ ድምፅ ወጣ፤ እንስራው በጀርባዬ የፈሰሰ ዕለት አቅም ያጡለት ሳቅ ነው መሰለኝ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ውሃውን ላስታጥባቸው ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ።